የዳኒጻ ሳህኖች

«ዲንካ፣ የክፍልሽን ቁልፍ ስጪኝ» አለች እናቴ።

ድምፅዋን አላነሣችም። ፎቅ ላይ ጀርመኖቹ ተኝተዋል፤ እኛ ቤት ደግሞ እንግዳ ባለበት አይጮህም። ለአንድ ሌሊት ዘጠና ዩሮ የከፈለ ሰው የዘመድ ጠብ እየሰማ መንቃት የለበትም። አክስቴ ዲንካ የቁርስ ስኒዎች እያለቀለቀች ነበር። እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ለምን ብላ እንኳ ሳትጠይቅ ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቁልፉ አጠገብ ሁለት ሳህኖች ተቀምጠዋል፤ ዙሪያቸው ሰማያዊ፣ መሐላቸው ላይ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ። የቡፌው መስታወት ተከፍቷል። ከሁለቱ ሳህኖች በስተጀርባ መኖር የነበረባቸው አራቱ የሉም፤ በቦታቸው ከሱፐርማርኬት የተገዙ ነጫጭ ሳህኖች ተደርድረዋል። እኔ የጠላቂ ቦርሳዬን በትከሻዬ አንግቼ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

ዕለቱ የአባቴ የባልዶ ዐሥረኛ ሙት ዓመት ነበር። እናቴ እነዚያን ሳህኖች በዓመት አንድ ቀን፣ ለሱ መታሰቢያ ብቻ ታወጣቸዋለች። የቀረውን ዓመት ቡፌው ውስጥ ሆነው በመስታወት ይታያሉ፤ የምትወለውላቸው አክስቴ፣ የምትሳሳላቸው እናቴ። «አንተም ና» አለችኝ ቁልፉን እያነሣች። «ምስክር ሁን።»

ሄድኩ። የአክስቴ ክፍል ምድር ቤት ነው፤ ድሮ የወይን ጠጅ በርሜል ይቀመጥበት ነበር። ላይ ያሉትን ሦስት ክፍሎች ለቱሪስት ማከራየት ስንጀምር ከመሐለኛው አውጥተን እዚያ አስገባናት። ለጊዜው ነው ብለን ነበር፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመት። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ እርጥበት በልቶታል። አንድ ጠባብ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ የቅዱስ ኒኮላስ ሥዕል፣ የወንድሟ የአባቴ ፎቶግራፍ፣ የደም ግፊት ክኒንና አንድ የብረት ሳህን ያለበት መደርደሪያ፣ ጥግ ላይ አንድ ቧንቧ፤ ሌላ ምንም የለም። የሦስቱን ክፍሎች አንሶላ የምትቀይረው፣ መታጠቢያ ቤቱን የምትፈትገው፣ ቱሪስት የጣለውን አሸዋ የሞላ ነጠላ ጫማ የምታነሣው እሷ ናት። እናቴ ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ጎትታ ከፈተችው። የሹራብ ልብሷን፣ የውስጥ ልብሷን፣ ለመቀበሪያዬ ብላ ያስቀመጠችውን ጥቁር ቀሚስ አንድ በአንድ አልጋው ላይ አወጣችው። ከመንገዱ ማዶ የጎረቤታችን የሾር ቶንካ የመስኮት መዝጊያ ቀስ ብሎ ተከፈተ። የቫሮሽ ሰፈር መንገድ ጠባብ ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ከማዶ ያለው ይማርህ ይላል።

«እዚህ የሉም» አልኩ ሳላስበው።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለች እናቴ። «ሰዓቱንስ የሸጠው ማን ነበር?»

ይህ ሰዓት በቤታችን የማይሞት ነገር ነው። በጦርነቱ ጊዜ፣ ዱቄት በጠፋበት ክረምት፣ አክስቴ የአባቴን የእጅ ሰዓት ወስዳ ሸጣ ለኛው ዱቄት ገዝታበታለች። ማንም አልያዛትም፤ የዚያኑ ዕለት ማታ ራሷ ተናገረች። እውነት የተናገረ እመሸበት ያድራል ይባላል፤ እሷ ግን ከዚያች ማታ ወዲህ ማንኪያ እንኳ ሲጠፋ መጀመሪያ የምትጠረጠረው እሷ ሆነች።

አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ልብሶቿን ታያለች። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ። አራቱ ሳህኖች ያሉት ከከተማው ወደብ የአንድ ሰዓት የጀልባ መንገድ ርቆ፣ ሃያ ስድስት ሜትር ጥልቀት ላይ፣ በሰመጠችው በዳኒጻ መርከብ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ይህን ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። ያልኩት ግን ይህን ነው፦ «እማዬ፣ ተይው በቃ፣ የሆነ ቦታ ይገኛሉ።»

አክስቴ ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። አንዴ ብቻ። «ሉክሻ፣ ይረፍድብሃል፤ ሂድ» አለችኝ። እኔም ሄድኩ። የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው፣ ልብስ በአልጋ ላይ እንደተበተነ፣ ጎረቤት በመስኮት እያየ፣ ወደ ወደቡ የሚወስደውን የመንገድ ደረጃ ወርጄ ሄድኩ።

ስለ ዳኒጻ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኩ ምን ዓይነት ሞኝ እንደሆንኩ አይገባም። ዳኒጻ አያቶቻችን ልጆች ሳሉ በሰሜን ነፋስ ተገፍታ ከድንጋይ ተላትማ የሰመጠች የእንፋሎት መርከብ ናት። ሰው አልሞተባትም፤ ስለዚህ ያዘነላትም የለም። በኋላ የሰፈራችን ወንዶች በአየር ጠርሙስ መጥለቅ ሲለምዱ እየወረዱ አራቆቷት። ፀጉር አስተካካያችን ክብ መስኮቷን መስታወት አስገብቶ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። የሾር ቶንካ የውሃ ቧንቧ መክፈቻ የዳኒጻ ነው። የቄሱ ቤት የበር እጀታ እንኳ የዳኒጻ ነው። በሰፈራችን ይህን ስርቆት የሚለው ሰው አልነበረም፤ ዛሬ ሕግ ይከለክላል፤ ሰውም እንዳልሰማ ሆኖ ይኖራል። አባቴ ስድስት ሳህኖች በሱፍ ሹራቡ ጠቅልሎ፣ እሱ በብርድ እየተንቀጠቀጠ አወጣና ለእናቴ የእጮኝነት ስጦታ አደረጋቸው። ቀለበት መግዣ አልነበረውም። እናቴ ስለ አባቴ አንድ ደግ ነገር ተናገሪ ቢሏት የምትናገረው ይህንን ነው።

እኔ እንግዲህ የምኖረው ቱሪስት ወደዚያች መርከብ በማውረድ ነው። የወረደ ሁሉ ወጥቶ መነጽሩን ያወልቅና «ዝገት ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ዓሣ ተበልቶ አጥንቱ የቀረ ያህል ናት። ባለፈው ዓመት የቱሪዝም ቢሮው «ለመዝናኛ ጠላቂዎች የሚመከሩ ዐሥር የሰመጡ መርከቦች» የሚል መጽሐፍ ሊያሳትም መሆኑ ተሰማ። ጀርመን አገር ትርኢት ላይ ይታደላል፤ በየሆቴሉ ይቀመጣል። እዚያ ውስጥ የገባ መርከብ በጋውን ሙሉ ሰው አያጣም፤ መርከቡ ያልገባለት ሰው ደግሞ ጀልባውን ቀለም ቀብቶ ይሽጥ። ዘጠኙ ተመርጠው አለቁ። ለዐሥረኛው ቦታ የቀሩት የኛዋ ዳኒጻና ፊት ለፊታችን ካለው ደሴት ማዶ ያለችው፣ ሆዷ ውስጥ ሞተር ሳይክል ያለባት የጦር ጭነት መርከብ ነበሩ።

በክረምቱ የጀልባችን ሞተረኛ ኒክሻ በወይን ጠጅ መሐል «የቫሮሽ ሰው ሁሉ ከቤቱ ያለውን ቢመልስ እኮ ዳኒጻ ነገ ተነሥታ ጉዞዋን ትቀጥላለች» ብሎ አሳቀን። ሁላችንም ሳቅን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በየካቲት እናቴ ቅዳሴ ስትሄድ ቡፌውን ከፈትኩ። አራት ወሰድኩ፤ ሁለቱን ከፊት አስቀርቼ ከኋላ ነጫጮቹን ደረደርኩ፤ በመስታወት ሲታይ ምንም አልጎደለም። አዲስ የተቀመጠ ነገር ባሕር ውስጥ ያስታውቃል፤ ንጹሕ ይሆናላ። ስለዚህ አራቱን በመረብ ከረጢት አድርጌ ከጀልባችን ሥር፣ ወደቡ ውስጥ፣ ሦስት ወር አንጠለጠልኳቸው። ለምለም አልጌ በቀለባቸው፤ ጥቃቅን ዛጎል ተጣበቀባቸው። በግንቦት ወስጄ ወጥ ቤቷ ውስጥ ደረደርኳቸው፤ አንዱን ትንሽ አዘንብዬ፣ የመርከቡ ወጥ ሠሪ አሁን ጥሎት የሄደ አስመስዬ። የራሴን ሥራ አይቼ ደስ አለኝ። መጽሐፉን የምታዘጋጀው ሴት መጥታ ትያቸው፤ ከዚያ ለሙት ዓመቱ አውጥቼ፣ አጥቤ እመልሳቸዋለሁ፤ በጋ ሲሆን ሌላ አሮጌ ሳህን ፈልጌ እተካለሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን የደቡቡ ነፋስ ገብቶ ስምንት ቀን ባሕሩን አደፈረሰው፤ የሴትየዋ ጉዞ ተገፋ፣ ተገፋና የአባቴ ሙት ዓመት ላይ ወደቀ።

ቬድራና ትባላለች፤ ከዛግሬብ የመጣች፣ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ጥያቄ የማያልቅባት ሴት። ጀልባው ላይ ሆና የውሃውን ግፊት፣ የመልህቁን ገመድ ርዝመት፣ ጀማሪ ጠላቂ ይችለው እንደሆነ ሁሉ ትጽፋለች። «እርስዎ ስንት ጊዜ ወርደውባታል?» አለችኝ። ከሺህ በላይ እንደሆነ ነገርኳት። «እና አሁንም የሚያዩት ነገር አለ?» አለች፤ ኒክሻ ከሞተሩ በኩል ሳል መሰል ነገር አሰማ። እሱ ስለ ሳህኖቹ ያውቃል፤ ስለ ጠዋቱ ግን ገና አልሰማም።

ወረድን። ውሃው ከስምንት ቀን ድፍርስ በኋላ ጠርቶ ነበር። የዳኒጻ ጎን እንደ ጨለማ ግድግዳ ብቅ አለ፤ ዓሦች በተሰበሩት መስኮቶቿ ይገባሉ ይወጣሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ የሚለኝ ቦታ ነው። ያን ቀን ግን የማየው የአክስቴን ጥቁር ቀሚስ አልጋ ላይ ተዘርግቶ ነበር። በወጥ ቤቱ ክፍት በር መብራቴን አበራሁላት። ሳህኖቹ አሉ። ቬድራና ስታያቸው እጇን አፏ ውስጥ ባለው መተንፈሻ ላይ አደረገች፤ ባሕር ውስጥ የተደነቀ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ፎቶ አነሣች፣ ደግማ አነሣች፣ ከጎን አነሣች። ይህን ስመኝ ክረምቱን ሙሉ አሳልፌያለሁ። ከዚያ በሁለት ጣቷ፣ ቀስ ብላ፣ ያዘነበለውን ሳህን ገለበጠችው።

ከሥሩ ቀይ ነጥብ ነበር። በሰፈራችን ለቀብር፣ ለሠርግ፣ ለክርስትና ሳህን እንዋዋሳለን፤ የማን የማን እንደሆነ እንዳይጠፋ ሴቶቹ ከሥሩ ምልክት ያደርጉበታል። ሾር ቶንካ ሰማያዊ መስቀል፣ ሌላዋ አረንጓዴ ክር፣ እናቴ ፔሪና ደግሞ አንድ ጠብታ ቀይ ኩቴክስ። እነዚህ ሳህኖች ከቤት ወጥተው አያውቁም፤ ግን እናቴ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የምትል ሴት ናት፤ እነሱንም ምልክት አድርጋባቸዋለች። በከረጢቱ ውስጥ ተደራርበው ስለቆዩ ሥራቸው ላይ አንድም አልጌ አልበቀለም። ለላይኛው ስጨነቅ ሥሩን ማን ያያል ብዬ ነበር። ቬድራና መብራቷን ነጥቡ ላይ አቆየች። ከዚያ መብራቷን ወደኔ አዞረች፤ ዓይኔን ዘጋሁ። ሳህኑን እንደነበረ መለሰችው፤ እንዲያውም እንደኔው አዘነበለችው።

ጀልባው ላይ ወጥተን የጎማውን ልብስ ስናወልቅ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «አያቴ በቢጫ ነበር የምታደርገው» አለች ዝግ ብላ። «አትፍራ። የማዶዋ መርከብ ሞተር ሳይክል በጦርነት የሰመጠ ነው ይላሉ፤ ታርጋው ግን የሁለት ሺህ አራት ነው።» ሳቀች። ጠዋት «እርስዎ» ስትለኝ የነበረችው አሁን «አንተ» እያለችኝ ነው፤ የእናቴን ኩቴክስ ካየች በኋላ። «ሰው ዝገት ለማየት ገንዘቡን አያወጣም፤ ሰው ኖሮበት እንደነበር ማየት ይፈልጋል። ፎቶው ግሩም ነው። ዳኒጻን አስገባታለሁ፤ ማታ ገጹን እልካለሁ። ግን ሳህኖቹን እንዳትነካቸው፤ ሰው እነሱን ብሎ ነው የሚመጣው።»

እሺ አልኩ።

«የማን ናቸው?»

«የእናቴ።»

«ታውቃለች?»

«ታውቃለች» አልኩ። ጠዋት ዝም ብዬ ዋሸሁ፤ ቀትር ላይ ተናግሬ ዋሸሁ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለለኝ፤ ይበልጥ ያሳፈረኝም እሱ ነው።

ከሰዓት ወደ ቤት መሄድ ፈርቼ ወደቡ ላይ ዋልኩ። የታጠበ ልብስ ደግሜ አጠብኩ። ያልላላ ገመድ ፈትቼ ቋጠርኩ። ኒክሻ ዳቦ ሊገዛ ሄዶ ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል። ዳቦ ቤት ውስጥ ሴቶቹ ዲንካ የባልዶን ሳህኖች ሰርቃ ለቱሪስት ሸጠች፣ ሾር ቶንካ ክፍሏ ሲፈተሽ በዓይኗ አይታለች ይላሉ አለኝ። አንዷ ደግሞ ጥንትም ሰዓት ሰርቃለች ብላ ጨምራለች። ዱቄቱን የጠቀሰው የለም። «አንተ ምን አልክ?» አለኝ ኒክሻ። ምንም እንዳላልኩ ነገርኩት። ዳቦውን ቆርሶ ግማሹን ሊሰጠኝ እጁን ዘርግቶ ነበር፤ መለሰው። «እኔ እኮ የዚያን ቀን ቀልዴን ነበር» አለና ወደ ሞተሩ ሄደ። ኒክሻ ከማንም ጋር የሚቀልድ፣ በቀብር እንኳ የማይዘጋው አፍ ያለው ሰው ነው። ያን ቀን ግን እስክንለያይ ከሞተሩ ቀና አላለም።

ቤት ስገባ የቤቱ ሥራ እንደወትሮው ነበር፤ ይኸው ነው የከበደኝ። አክስቴ ከጀርመኖቹ ክፍል አንሶላ ታቅፋ ትወርዳለች፤ እናቴ የዓሣውን ወጥ ታማስላለች። በጠባቧ መተላለፊያ ሲገናኙ አንዷ ግድግዳ ተጠግታ ሌላዋን ታሳልፋለች። ሠላሳ ዓመት በአንድ ማድ ቤት የኖሩ ሴቶች ናቸው፤ ጨው የት እንዳለ ሳይተያዩ የሚቀባበሉ። ያን ቀን እናቴ ጨው ፈልጋ ሦስት መሳቢያ ከፈተች፤ አክስቴ እያየች አለፈች። እናቴ እኔን ደህና ዋልክ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ሴትየዋ መርከቡን ወደደችው ወይ አለችኝ። ወደደችው አልኳት። «አባትህ ቢኖር ደስ ይለው ነበር» አለች።

በሙት ዓመቱ ቅዳሴ አክስቴ ሁልጊዜ ከእናቴ ጎን ነበር የምትቀመጠው፤ የሟች እኅት ናትና ቦታዋ ነው። ያን ቀን በሩ አጠገብ፣ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ቄሱ የአባቴን ስም ሲጠሩ ሰዎች ወደፊት ሳይሆን ወደኋላ ዞር ዞር አሉ። እኔ ከፊት ሆኜ አንገቴን ሰብሬ የጫማዬን ክር አየሁ። ስለ ኃጢአት የሚለው ጸሎት ሲደርስ ደረቴን ከሌሎቹ ጋር መታሁ፤ ማንም የተለየ ነገር ያየብኝ የለም።

እራት ላይ ሰባት ነበርን፤ ቄሱ፣ የእናቴ የአጎት ልጅና ባሏ፣ ሾር ቶንካና ወንድሟ፣ እናቴና እኔ። ፀሐይ ገና አልገባችም፤ በመስኮቱ የቱሪስት ሻንጣ ጎማ በድንጋዩ መንገድ ሲንኳኳ ይሰማል። ሁለቱ የዳኒጻ ሳህኖች ጠረጴዛው ላይ አሉ። አንዱ ቄሱ ፊት፣ ሁለተኛው እኔ ፊት። «የባልዶ ልጅ በሱ ይብላ» አለች እናቴ። አክስቴ ገበታው ላይ የለችም። የእናቴ የአጎት ልጅ «ዲንካ የት ሄደች?» ብትል፣ እናቴ ራሷን አሟት ተኝታለች አለች፤ ሾር ቶንካም ከንፈሯን መጠጠች። እናቴ ወጡን ስትጨልፍልኝ ኮከቡ ቀስ እያለ ተሸፈነ። አንድ ጉርሻ አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ሰዎቹ ስለ አባቴ ያወሩ ነበር፤ በሱፍ ሹራብ ጠቅልሎ ስላወጣቸው ስድስት ሳህኖች። ቄሱ ሳህናቸውን በጣታቸው መታ አድርገው እንዲህ ያለ ነገር ዛሬ አይሠራም አሉ። ተነሥቼ መጣሁ ብዬ ወረድኩ።

አክስቴ አልተኛችም። አልጋው ላይ የተበተነውን ልብስ እያጣጠፈች ሻንጣው ውስጥ ትመልሳለች። ጠዋት የወጣው እስካሁን አልተነካም ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላ ስታነጥፍ ውላ የራሷ ላይ የደረሰችው አሁን ነው። በሩ ላይ ቆምኩ፤ ቁጭ በል አላለችኝም። «አክስቴ፣ ሳህኖቹን...» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ» አለች ሳትዞር። «በመጋቢት ቡፌውን ስወለውል አየሁት። ነጭ ሳህን የኮከብ ሳህን አይሆንም። ቡፌው የሚከፈተው በእናትህ፣ በኔና ባንተ እጅ ነው። እናትህ አይደለችም፤ እኔ አይደለሁም።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ሆድ ይፍጀው አልኩ። ልጁ ቸግሮት ነው፣ ይመልሰዋል አልኩ።» ጥቁሩን ቀሚስ አነሣችና ትከሻው ላይ ያለውን መጨማደድ በመዳፏ ደጋግማ አስተካከለችው። «ደግሞስ ብናገር ማን ያምነኛል? አንተ ግን ብትናገር ትታመን ነበር። ጠዋት ጠበቅኩህ እኮ ሉክሻ። እዚያው አጠገቤ ቆመህ ሳለህ ጠበቅኩህ። የሆነ ቦታ ይገኛሉ አልክ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የሚል ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያጋንን ይመስለኝ ነበር።

«እኔ ሰዓቱን የሸጥኩ ዕለት ማታውን ነው የተናገርኩት» አለች። «ዱቄቱ ሳይቦካ። አንተ ያን ዳቦ በልተሃል።»

ደረጃውን ወጣሁ። ወንበሬ ላይ አልተቀመጥኩም፤ ከኋላው ቆሜ መደገፊያውን ያዝኩት። ቄሱ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ሳህኖቹን የወሰድኩት እኔ ነኝ አልኩ። በየካቲት፣ እናቴ ቅዳሴ በሄደችበት። ዳኒጻ ውስጥ ናቸው፤ መርከቧ ሰው የኖረባት እንድትመስል፣ መጽሐፉ ውስጥ እንድትገባልኝ አስቀመጥኳቸው። ዲንካ የነካችው ነገር የለም። ጠዋት ስትፈተሽ አጠገቧ ቆሜ እያወቅሁ ዝም አልኩ። ይህን ሁሉ የተናገርኩት ሾር ቶንካን እያየሁ ነው፤ እናቴን ማየት አልቻልኩም። አንድ ሰው ሳቅ የመሰለ ድምፅ አሰማና ተወው። የእናቴ የአጎት ልጅ ባል የዳቦ ፍርፋሪ በጣቱ እየሰበሰበ አንድ ቦታ ከመረ።

እናቴ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጠርዝ አስተካከለች። ስትናገርም ድምፅዋን አላነሣችም፤ ፎቅ ላይ እንግዳ አለ። «ነገ ታመጣቸዋለህ» አለች።

«አመጣለሁ።» ይህች ቃል ምን እንደምታስከፍለኝ አውቅ ነበር። ስልኬን አውጥቼ እዚያው ቆሜ ለቬድራና ጻፍኩላት፦ ዳኒጻን አታስገቢ፤ እናቴ አታውቅም ነበር፤ ነገ አወጣቸዋለሁ። እጄ ላይ እያለ መልሱ መጣ፦ «ገባኝ። የማዶዋን እልካለሁ።» ባለ ታርጋዋን። የምቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣሁም።

እናቴ ተነሥታ ያልበላሁበትን ሳህን ከፊቴ አነሣች። ምግቡን ወደ ድስቱ መለሰች፤ ሳህኑን በሙቅ ውሃ አጠበች፤ በንጹሕ ጨርቅ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ አደረቀች። ከድስቱ ውስጥ ትልቁን የዓሣ ቁራጭ፣ ያለ አጥንት የሆነውን፣ ለቄሱ እንኳ ያልሰጠችውን መርጣ አወጣች። ከጎኑ የበቆሎ ገንፎ አደረገች፤ መረቁንም ጨመረችበት። ራሷ ትወርዳለች ብዬ ጠበቅኩ። እስከ ደረጃው አፍ ሄደች፤ ታች ያለውን በር አየችውና ቆመች። «ውሰድላት» አለችኝ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። «ከወንድሟ ሳህን ትብላ በላት።»

ወሰድኩ። አክስቴ በሩን ከፈተች፤ መጀመሪያ ሳህኑን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። የታዘዝኩትን ቃል አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። «ዓሣው ያምራል» አለች፤ እንደ ሁልጊዜው ድምፅዋ። ተቀበለችኝና ወደ ውስጥ ገባች። ከመደርደሪያዋ የራሷን ጠርዙ የተላጠ የብረት ሳህን አውርዳ ምግቡን ሁሉ፣ መረቁን ሳይቀር፣ በማንኪያ ጠርጋ ወደዚያ ገለበጠችው። ከዚያ የኮከቡን ሳህን በክፍሏ ቧንቧ አጠበችው፤ በሽርጧ አደረቀችው። ገልብጣ ቀዩን ነጥብ በመብራት አየችና በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ።

«ምልክቱ አለ» አለች። «ውሰድና ከላይኛው ጋር ፊቷ ቆጥረህ አስረክብልኝ። ጠዋት ሁለት ነበሩ፣ አሁንም ሁለት ናቸው በላት።»

በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ከውስጥ ወንበሩ ሲሳብ፣ ማንኪያው ብረቱን ሲነካ ሰማሁ። ሳህኑን በሁለት እጄ ይዤ፣ ሰዎቹ ወደሚጠብቁበት ደረጃውን ወጣሁ።